በገደሉ አፍ ያሰጣነው ድንጋይ

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ አያቴም ቄስ ነበሩ። እኔ ግን ድምፄ ለቅዳሴ አልሆን ብሎ ብራና ፋቂ ሆንኩ። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ ጠጉሩንና ሥጋውን ፍቄ፣ በአንኮበር ዙሪያ ላሉ አድባራት ብራና ሳዘጋጅ ሃያ አምስት ዓመት ሞላኝ። መፋቂያዬን የሚሞርዱልኝ ከከተማው በታች፣ ቆላው ወለል ብሎ በሚታይበት ገደል አጠገብ የሚኖሩ አንድ ብረት አቅላጭ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ስመላለስ ልጃቸውን አየሁ። ወደድኳት።

የአገራችን ሰው ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ቡዳ ይለዋል። ማረሻውን ከእሱ ይወስዳል፣ ማጭዱን ከእሱ ይወስዳል፣ ሕፃን ልጁን ግን እንዳያይበት በነጠላ ይሸፍናል። አባቴ ነገሩን ሲሰሙ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ “ከዚያ ቤት የገባህ ቀን ከዚህ ቤት ወጥተሃል” አሉኝ። ገባሁ። እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ፤ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ቤታችን ለቤታቸው የአንድ ጥዋት መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ሰላምታቸውን አላገኘሁም።

አማቴ መጀመሪያ ላይ አላመኑኝም። ነጭ ጺም፣ በእሳት የጠቆረ ግንባር፣ ከመናገር ዝምታ የሚቀላቸው ሰው ነበሩ። ሥራውን ግን ሳይሰስቱ አስተማሩኝ። የብረቱ ድንጋይ የሚቆፈረው ከገደሉ ሥር ካለ ቀይ ሸለቆ ነው። በመዶሻ እየሰባበርን ባቄላ ስናሳክለው፣ አፈሩ እንዲለቅ በወንዝ ይታጠባል። ታጥቦ ሲመጣ ውሃ የጠጣ ነው። እርጥብ ድንጋይ እቶን ውስጥ ከገባ እሳቱን ይበላል እንጂ ብረት አይወጣውም። ስለዚህ ከማቅለጡ በፊት በእንጨት እሳት ላይ ተከምሮ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል። ለማድረቅ ብቻ የምናነደው እንጨት ለከሰል ከምናከስለው አያንስም ነበር።

እንጨቱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ጫካው የንጉሥ ነው። ከጫፍ ከጫፉ የምንቆርጠው የጫካው ሹም ፈቅደውልን ነበር፤ ለዚያም በየዓመቱ ማረሻ እንገብራለን። ቤተ መንግሥቱም ከተማውም ከዚያው ስለሚያነድ የጫካው ጫፍ በየዓመቱ ይሸሻል። እኔ ስገባ ለእንጨት የሚኬደው ዳገት አማቴ በወጣትነታቸው የማያውቁት ዳገት ነበር። የሚሸከሙትም ሴቶች ናቸው። እኛ ወንዶቹ ቆርጠን እንጥላለን፤ እነሱ በጀርባቸው አዝለው ይወርዳሉ። ይህንን እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ቆጥሬው ኖርኩ።

በአምስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ባለቤቴ አምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አትሂጂ አላልኳትም። ማንም አላላትም። እንጨት አዝላ ቁልቁል ስትወርድ ጤዛ ባለበት ድንጋይ ላይ እግሯ ከዳት፤ ሸክሙ ከኋላ ገፍቶ በደረቷ ጣላት። ጎረቤቶች በቃሬዛ አመጧት። ሦስት ቀን አምጣ ልጁ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር። በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ያለችኝ ይህ ነው፦

“እንጨቱን ማን አመጣው?”

እኔ ያን ጊዜ ወጥቼ ገደሉ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ጥቁር፣ ሰፊ፣ እንደ አውድማ የተዘረጋ አለት አለ። ከረፋዱ ጀምሮ የቆላው ነፋስ ገደሉን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደረቅና ሞቃት ነው። ብራናዬን የማቆመው እዚያ ነበር። ጠዋት ውሃው የሚንጠባጠብ ቆዳ ወጥሬ አቁሜ ነበርና ቀና ስል አየሁት፤ ገና ከሰዓት በኋላ ሳይሆን እንደ ከበሮ ደርቋል። ብራና የሚያደርቀው ፀሐይ ብቻ እንዳልሆነ የእጅ ሥራዬ አስተምሮኛል። የሚያደርቀው ነፋሱ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ሳስቶ፣ ነፋስ በሁለት ወገን ሲያልፈው ነው። ያን ቀን ልቤ በሌላ ነገር የተሞላ ቢሆንም ይህ ሐሳብ መጥቶ አልሄድ አለኝ።

ለአማቴ ነገርኳቸው።

“አባባ፣ ድንጋዩን ለምን በእሳት እናደርቀዋለን?”

“ታዲያ በምን ልናደርቀው ኖሯል? በጸሎት?”

“በነፋስ።”

“የቄስ ልጅ፣ ድንጋይ ቆዳ መሰለህ?”

“ሁለት እንቅብ ብቻ ይስጡኝ። ካልሆነ እኔው መልሼ በእሳት አደርቀዋለሁ።”

ልጃቸው ወደተኛችበት በኩል አዩ። “ውሰድ” አሉ።

መጀመሪያ አልሆነልኝም። ድንጋዩን አለቱ ላይ ክምር አድርጌ አፈሰስኩት፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ውሃ ያዘለ ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ አሳስቼ ዘረጋሁትና በእንጨት መንሽ እንደ እርሻ ትልም አወጣሁለት፤ ትልሙን ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ አደረግሁት። በየጊዜው እየገለበጥኩ ውዬ፣ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ሰሌን አለበስኩት። ጥቁሩ አለት ራሱ የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያመሽ ከሥር ያግዛል። መድረቁን የማውቀው በጆሮዬ ነበር። ጥቂቱን ቅል ውስጥ ከትቼ ስነቀንቀው እርጥቡ እንደ ጭቃ ዱብ ዱብ ይላል፤ የደረቀው ግን ይንሿሿል። በሦስተኛው ቀን ተንሿሿ።

አማቴ እፍኝ አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። ቅዝቃዜ ፈልገው አጡ። እቶኑን አሟሟቁ። ወናፉን እኔና ጎረቤታችን የሆነችው የባለቤቴ አክስት እየተቀያየርን ስንነፋ ዋልን። አማቴ ሲመሽ የብረቱን ጓል በጉጠት አውጥተው በመዶሻ ደጋግመው መቱት፤ ሲመቱ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻ መዶሻውን አስቀምጠው ገቡ። ጥሩ ነው አላሉኝም። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ግን እሳቸው ቀድመውኝ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እርጥብ ድንጋይ በእንቅብ ተሸክመው ወደ አለቱ ሲሄዱ አገኘኋቸው።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ደመና አልያዘም። ለማድረቅ አንድ ፍልጥ አላነደድንም። ሴቶቹ ወደ ጫካ የሚወጡት ለከሰሉ ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ፊቷ ተመለሰ፤ ድንጋዩን መገልበጥ የእሷ ሥራ ሆነ፤ ትልሙን ከእኔ ይልቅ አሳምራ ታወጣለች። አንድ ቀን መንሹን ተደግፋ ቆላውን እያየች ስትስቅ አገኘኋት። ምን እንዳሳቃት አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ኖሮ እላለሁ አሁን።

በጥር መጨረሻ የጫካው ሹም በበቅሎ መጡ፤ ሁለት አሽከሮች አስከትለው። ማረሻው የት እንደደረሰ ሊያዩ ነው። አለቱ ላይ የተዘረጋውን አይተው በቅሏቸውን ገቱ።

“ይህ ምንድን ነው? ድንጋይ ታሰጣላችሁ እንዴ፣ እንደ እህል?”

አማቴ እጅ ነሥተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሰው ሲሰማኝ ማስረዳት እወዳለሁ። ከዚያም በላይ ከአማቴ አፍ ያልወጣውን ምስጋና ከአንድ ሰው መስማት አምሮኝ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ተናገርኩ፤ ትልሙን፣ ነፋሱን፣ ቅሉን። ቅሉን ነቅንቄ አሰማኋቸው።

“እና እንጨት ሳታነዱ ደረቀ?”

“አንድ ፍልጥ ሳናነድ፣ ጌታዬ።”

ሹሙ ፈገግ አሉ። “ብልህ ነህ” አሉኝ። ቀጥለው ወደ አማቴ ዞሩ። “ሰማህ ሽማግሌ? እንግዲህ ፀሐይና ነፋሱ የእናንተ ነው፤ ጫካው የቤተ መንግሥት ነው። ለከሰል የሚሆናችሁን ውሰዱ፤ የማድረቂያው እንጨት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ጊዜም ተርፏችኋልና የፋሲካው ማረሻ እጥፍ ይሁን።”

ሲሄዱ የበቅሏቸው ኮቴ ዳገቱን እስኪያልፍ ድረስ ሁላችንም ቆመን ቀረን። አማቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። “ዝናብ የሚባል ነገር እንዳለ አልነገርካቸውም” ብለው ብቻ ወደ መዶሻቸው ተመለሱ።

ዝናቡ በየካቲት ጀመረ። የበልግ ዝናብ አንኮበር ላይ ከመጣ ብቻውን አይመጣም፤ ጉም ይዞ ይመጣል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤቱን፣ አለቱን፣ ሰውን ይውጣል፤ በአሥር እርምጃ የቆመ ሰው አይታይም። የቆላው ነፋስ ጠፋ። አለቱ ላይ የዘረጋነው ድንጋይ ቀን ከሌት ላቡን ሲያፈስ ይውላል። በጥር ካደረቅነው ጥቂት ቤት ውስጥ፣ መኝታችን ሥር አስቀርተን ስለነበር እሱን ይዘን ቆየን። የከፋው ግን ሌላ ነው። በዝናቡ የእቶናችን ግድግዳ ሆዱ ተነፍቶ ወደቀ።

የእቶን ግድግዳ ከጭቃና ከጭድ ይሠራል። በቀስታ፣ ውስጡ ትንሽ እሳት እየነደደ ሁለት ሳምንት መድረቅ አለበት፤ ለዚያም የሚነደው ያው የተከለከልነው የማድረቂያ እንጨት ነው። አዲሱን ግድግዳ መርገን አቆምን። ቀን አለፈ፤ ጭቃው አውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ከሰሉን እንዳናነድበት ለማረሻው የሚበቃው ያ ብቻ ነው። የሹሙ መልእክተኛ መጥቶ ፋሲካ ሦስት ሳምንት እንደቀረው፣ ማረሻው ካልደረሰ ሽማግሌው በሰንሰለት እንደሚወሰዱ ነግሮን ሄደ።

እኔ ወደ ሹሙ ቤት ወጣሁ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጅ ጠናሁ። ሲወጡ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

“ጌታዬ፣ ግድግዳው አልደርቅ ብሎናል። አሥር ሸክም እንጨት ይፍቀዱልን። ከበጋው ላይ እንመልሳለን።”

“አንድ ፍልጥ ሳናነድ ያልከው አንተ አይደለህም?”

“ያ ፀሐይ ሳለ ነው፣ ጌታዬ። ያ ደግሞ ድንጋዩ ነው፤ ይህ ግድግዳ ነው።”

“ብልህ ሰው መላ አያጣም” ብለው አልፈውኝ ሄዱ። አሽከሮቻቸው ሳቁ።

በጉሙ ውስጥ እየዳበስኩ ተመለስኩ። አማቴ እቶኑ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምን እንደተባልኩ አልጠየቁኝም፤ ከአመጣጤ አውቀውታል።

“ነገ እናነዳለን” አሉ።

“አባባ፣ እርጥብ ነው። ይፈነዳል።”

“አውቃለሁ።”

“ጉሙ እስኪገለጥ ጥቂት ቀን እንቆይ።”

“ጉሙን አንተ ትገልጠዋለህ? አርባ ዓመት እሳት ፊት ቆሜያለሁ፤ በሰንሰለት ታስሬ ግን አላውቅም። አሁንም አልታሰርም።”

በማግስቱ ሁዳዴ ከእኩሌታው አልፎ ነበር። እሳቱን በቀስታ አስነሣነው። ግድግዳው ላይ ቀጭን እንፋሎት መጣ፤ ከዚያ ከየቦታው ውሃ ማላብ ጀመረ። አማቴ ከጎኑ ሆነው ስንጥቁን በእርጥብ ጭቃ ይደፍናሉ። እኔ ወናፉ ላይ ነበርኩ። ወደ እኩለ ቀን ላይ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቆዳ ሲተረተር የሚመስል። “አባባ ይራቁ!” ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴ ሳያልቅ የግድግዳው ሆድ ተበርግዶ ፍሙ ሁሉ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ።

አራት ቀን ቆዩ። ባለቤቴ ኑግና ማር እየቀባች፣ ቅጠል እያለበሰች አልተለየቻቸውም። በሦስተኛው ቀን በምልክት ጠሩኝና ጎንበስ አልኩላቸው።

“ድንጋዩ ደርቆ ነበር” አሉኝ። “ግድግዳው ነው። ድንጋዩ ደርቆ ነበር።”

ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ደግ ሰው ነበሩ። ግን አልተጽናናሁም። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞቱ።

የደብሩ ቄስ አባቴ ናቸው። ለእኛ የሚመጣ ሌላ ቄስ ቢኖር ወደ እሱ እሄድ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የአባቴ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ከአጥሩ ወዲህ ወጡ እንጂ ግባ አላሉኝም። አርጅተው ነበር።

“አባቴ፣ ሰው ሞቶብኛል።”

“ሰምቻለሁ።”

“ፍትሐት እንዲደረግላቸው ነው የመጣሁት። ክርስቲያን ናቸው። ጾማቸውን የሚጾሙ፣ ማተባቸውን ያልፈቱ ሰው ናቸው።”

መሬት መሬት እያዩ፣ “እመጣለሁ” አሉ።

መጡም። ጸሎቱን አላጎደሉም፤ ድምፃቸውም ያው የልጅነቴ ድምፅ ነበር። አማቴ ከቅጥሩ ዳር፣ አቅላጮችና ሸማኔዎች ከሚቀበሩበት ከአጥሩ ሥር ተቀበሩ። ሲያልቅ ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መስቀል ልትሳለም ቀረበች። አባቴ መስቀሉን ዘረጉላት። ሳመች። ከዚያ ዞር ብለው በነጠላቸው ጫፍ መስቀሉን ጠረጉት፤ ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳያያቸው። እሷ አየች። እኔም አየሁ። አባቴ ለእዝን ወደ ቤት ሳይመጡ በሌላ መንገድ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ፋሲካ መጣ፤ ማረሻ አልነበረንም። ሹሙ ሽማግሌው መሞታቸውን ሲሰሙ እዳውን በሚቀጥለው ዓመት ላይ ደረቡት። እኔና ባለቤቴ በጋው ሲገባ እቶኑን ከመሠረቱ ሠራን፤ በፀሐይ አንድ ወር አደረቅነው፤ ከዚያ ድንጋይ አሰጣን፣ አቀለጥን። ሁለታችን ብቻ፣ ሳንነጋገር የምንውልበት ቀን ብዙ ነበር። ማረሻዎቹ ደረሱ። ጥሩ ማረሻዎች ነበሩ።

የሚወስዳቸው ጠፋ። በዚያ ዓመት የከብት በሽታ ከሰሜን ወርዶ አገሩን ጠረገው። በሬው አፍንጫው እየፈሰሰ በሦስት በአራት ቀን ይወድቃል፤ ከአንድ በረት አንድ አይተርፍም። ሹሙ ማረሻ መጠየቁን ተዉ፤ ለምን ይጠይቃሉ? ቆይቶ ገበሬዎች እኛ ዘንድ መምጣት ጀመሩ፤ ግን ሊወስዱ አይደለም። አንዱን አስታውሰዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ወገን የመጣ፣ ትልቅ አጥንት ያለው፣ ልብሱ የሰፋው ሰው ነው። ማረሻውን ከትከሻው አውርዶ እግሬ ሥር አኖረው።

“ይህን ከአማትህ ነው የወሰድኩት። ጥሩ ብረት ነው። መልሰህ ውሰድና ጥቂት ገብስ ስጠኝ።”

“ገብስ የለንም፣ ወንድሜ። ማረሻህን ይዘህ ሂድ።”

“ወዴት ይዤው ልሂድ? በማን ልጥመደው? በልጆቼ?”

ባለቤቴ የነበረንን እፍኝ የማይሞላ ቆሎ በነጠላው ጫፍ ቋጠረችለት። ማረሻውን ትቶት ሄደ። እንደ እሱ ሌሎች መጡ፤ ቆሎው ካለቀ በኋላም መጡ፤ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱትም ማረሻቸውን መልሰው መሸከም አልፈለጉም። ከእቶኑ አጠገብ ተከመረ።

ሲብስብን ወደ ቆላ ወረድን፣ ወደ አልዩ አምባ። እዚያ አንድ ሙስሊም ነጋዴ አስጠጋን። ቡዳነታችንን ነግሬው ነበር፤ ኋላ ሰምቶ እንዳያባርረን ብዬ። “የተራበን ሰው አላህ ነው የላከው፣ ሌላውን አላውቅም” አለኝ። የበቅሎ ልጓምና የጭነት ቀለበት እየጠገንኩለት፣ ባለቤቴ ማሽላ እየፈጨች ሁለት ዓመት ኖርን። ደጋው ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ወሬው ይደርሰን ነበር። አባቴም ከረገፉት አንዱ መሆናቸውን የሰማሁት ሰባት ወር ቆይቶ፣ ጨው ጭኖ ከሚወጣ ሰው ነው። ማን እንደቀበራቸው ጠየቅሁት። አላወቀም።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ አልወለደችም። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ የቆላ ንዳድ ያዛት። ሰውነቷ እሳት ሆኖ ስትቃዥ ሰነበተች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልቧ ተመልሶላት እጄን ያዘችና፣ “ባትነግራቸውም ጉሙ ይመጣ ነበር” አለችኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ጉሙማ ይመጣ ነበር። እንጨት ግን ይኖረን ነበር፤ ይህን አልነገርኳትም። በስምንተኛው ቀን ሞተች።

ነጋዴው ጎረቤቶቹን ሰብስቦ መቃብሯን አስቆፈረልኝ። ቄስ አልነበረም። የማስታውሰውን ያህል ዳዊት እኔው ደገምኩላት፤ ድምፄ ለዚህም አልሆነም፣ መሐል ላይ ተቆረጠ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል። ብረት አላቀልጥም፣ ብራናም አልፍቅም። ገበያ ዳር ተቀምጬ የተበጠሰ ልጓም እቀጥላለሁ።